መቀነት የታጠቀው ሰባት

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! በቶሊዶ ከተማ፣ በሀገርማን ገበያ፣ ከዛሬ ቅዳሜ ማለዳ አንስቶ እስከ መዝጊያው ሰዓት ድረስ ቢጫ ሰናፍጭ በነጻ ሆኗል። ጦር ድል አላደረገም፣ መንግሥት አልተገለበጠም፣ እስረኛም አልተፈታም፤ የሆነው ይኸው ብቻ ነው። ገበያው የሰናፍጩን ዋጋ ወደ አንድ ዶላር አውርዷል። ባለፈው እሁድ ጋዜጣ መሃል ተጣጥፎ በመጣው ወረቀት ላይ የሃምሳ ሳንቲም ቅናሽ የሚያሰጥ ኩፖን ነበረ፤ ገበያው ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ኩፖንን በእጥፍ ይቀበላል። ሃምሳና ሃምሳ ስንት እንደሚሆን በከተማው የማያውቅ የለም። ለዚያ ብሎ ከአልጋው የሚነሳ ግን ጥቂት ነው፤ የጥቂቶቹም ግንባር ቀደም፣ ሱሪያቸውን በማንገቻ ወጥረው፣ ኩፖን የታጨቀበትን ወፍራም ክላሰራቸውን እንደ ዳዊት በብብታቸው ሸጉጠው፣ በሩ ሳይከፈት ደጅ የሚጠኑት አቶ ኖርበርት ዚሊንስኪ ነበሩ።

አቶ ኖርበርት የመስታወት ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው። ሚስታቸው ዶሪን ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩበት ቤት ሳሎኑ የማንም ሽማግሌ ሳሎን ነው፤ አንድ የተጎረበጠ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ በግድግዳው ላይ የሞቱ ሰዎች። ምድር ቤቱ ግን ሌላ አገር ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መደርደሪያ ተገጥግጦበታል፤ የጥርስ ሳሙናው በረድፍ፣ ፓስታው በረድፍ፣ የኦቾሎኒ ቅቤው በረድፍ፣ የሽንት ቤት ወረቀቱ እስከ ጣሪያ። ወደዚያ የሚወርድ ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ ክርስትና ይነሳል፦ የሚያልፍበት ወርና ዓመት በጥቁር ማርከር ክዳኑ ላይ በጉልህ ይጻፍበትና፣ አዲስ መጪው ከኋላ፣ የቆየው ከፊት ይሰለፋል። አቶ ኖርበርት ሰባት ቁጥርን ሲጽፉ እናታቸው ከፖላንድ ይዛው እንደመጣችው ወገቡ ላይ አግድም ሰረዝ ያደርጉበታል፤ መቀነት የታጠቀ ሰባት። የዚያን ዓመት ከሚገዙት ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ስለነበር፣ ምድር ቤቱ ወገባቸውን ባሰሩ ሰባቶች ተሞልቶ፣ ሲያዩት ለዘመቻ የተሰለፈ ጦር ይመስል ነበር።

ስስታም ናቸው የሚላቸው አላጋጠመኝም፤ ቢያጋጥመኝም ውሸታም ነው። ጎረቤት ሲታመም ሾርባ፣ ልጅ ሲወለድ ዳይፐር፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ለቸገረው ለሚያድለው ለቤተ ክርስቲያኑ የምግብ ጓዳ መኪና ሙሉ ዕቃ የሚያደርሱ እሳቸው ናቸው። አንዲት ነገር ብቻ አለችባቸው። ሰጥቶ ዝም ማለት አይሆንላቸውም። ዕቃው ከእጃቸው ገና ሳይላቀቅ፣ «ስንት የገዛሁት ይመስልሃል?» ይላሉ። የተጠየቀው ስንትም ቢል ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ይስቃሉ፤ ከዚያ መልሱን ራሳቸው ይናገሩታል። መልሱ ከሳንቲም ተሻግሮ አያውቅም። ተቀባዩም እጁ ላይ ያለችውን ሻምፑ አንዴ፣ እሳቸውን አንዴ እያየ ያመሰግናል፤ ምስጋናውም እንደ ዋጋው ነው።

ያን ማለዳ በሩ ሲከፈት ወደ ሰናፍጩ ሄዱና የሚበቃቸውን ያህል ከፊት ከፊት አንስተው የኋላውን ተዉት። መደርደሪያ አራቁቶ መሄድ በእሳቸው ሕግ ከስርቆት አይለይም። የተረፏቸውን ኩፖኖችም በሰናፍጮቹ ሥር አንድ አንድ እያደረጉ ሸጎጡ፤ ኩፖን የሌለው ድሃ ቢመጣ ያገኘዋል። ይህ እጅግ የሚያምር ልማድ ነው፤ ብዙ ኩፖን ቆራጮች ያደርጉታል፤ አድርገውም ይሄዳሉ። አቶ ኖርበርት ግን አይሄዱም። የመተላለፊያው ጫፍ ላይ ቆመው የቲማቲም ድልህ የሚያነቡ መስለው ይጠብቃሉ። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት መጣች፣ ጠርሙሱን አነሳች፣ ወረቀቷን አገኘች፣ ግራና ቀኝ አየች። ፊቷ ላይ ብልጭ ያለውን ነገር እግዜር ብቻ ቢያየው ይበቃ ነበር። አቶ ኖርበርት ጋሪያቸውን እየገፉ ደረሱና፣ «እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት፤ በነጻ ነው የሚሆንልሽ» አሏት። ሴትየዋ አመሰገነች። ልጇን ወደ ትከሻዋ ከፍ አደረገችና ቶሎ ቶሎ ሄደች።

ገንዘብ መክፈያው ጋ ካሸሯ ዋንዳ ኩፖኖቹን አንድ በአንድ እያነበበች፣ ማሽኑ አንዱን አልቀበልም ባለ ቁጥር ቁልፍ የያዘውን አለቃ እየጠራች፣ ወረፋው እስከ አትክልቱ ድረስ ረዘመ። ከኋላቸው አንድ ዳቦና ጥቂት ቢራ የያዘ ወፍራም ሰው፣ «ሽማግሌው፣ ብርድ ልብስ ላስመጣ? እዚህ ልናድር ነው መሰለኝ» አለ። ሰው ሳቀ። አቶ ኖርበርት አልተቆጡም። ክላሰራቸውን ገለጥ ገለጥ አድርገው ከዳቦው ገጽ አንድ ኩፖን መዘዙና፣ አዳራሹ በሚሰማው ድምፅ፣ «እንካ፤ አርባ ሳንቲም ትቀንስልሃለች፣ በእጥፍ ሰማንያ» አሉት። ሰውየው እስከ ጆሮው ቀላ። መቀበል አልፈለገም፤ አለመቀበልም አልቻለም። ወረቀቷን እንደ ሞተች ዝንብ በሁለት ጣቱ ያዛት። አቶ ኖርበርት ሰው በጎ ሲደረግለት ለምን ፊቱ እንደሚጠቁር ገርሟቸው ወጡ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲገርማቸው ኖሯል።

የዚያን ቀን የልጅ ልጃቸው የኬልሲ ልደት ነበረ። ልጃቸው ሮክሳን ምሳውን በጓሮ አድርጋዋለች፤ ሆት ዶግ፣ የድንች ሰላጣ፣ ኬክ። «ምንም እንዳታመጣ» ብላቸዋለች በስልክ። ብርዱ ከበረታ ወዲህ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትላቸው። ድሮ በየሳምንቱ ካርቶን ይዘውላት ይሄዱ ነበር፤ ከገና በኋላ አንድ ቀን በሩ ላይ ተቀብላ፣ «አባዬ፣ ለእኛ አታምጣ። እኛ ደህና ነን። ለቤተ ክርስቲያን ስጠው፤ የቸገረው ሰው ይብላው» አለቻቸው። በነገሩ ኮርተውባታል። የቸገረውን የምታስብ ልጅ አሳደግሁ ብለው ለጓዳው የሚወስዱትን እጥፍ አደረጉት። ሆት ዶግ ባለበት ግን ሰናፍጭ አለመውሰድ ከብልግና ይቆጠራል፤ በተለይ ሰናፍጭ በነጻ በሆነበት ዕለት። አንዱን ካርቶን አቅፈው፣ ከተባለው ሰዓት ቀደም ብለው፣ በጓሮ በር ገቡ።

የክሬግ ፒክአፕ መኪና በቦታው አልነበረም። ክሬግ የሮክሳን ባል ነው፤ የመኪና መስታወት ፋብሪካ ሠራተኛ። መኪናው ጋራዥ ገብቷል ከተባለ ወራት ሆኖታል፤ አቶ ኖርበርትም ምን ዓይነት ጋራዥ ነው ብለው ጠይቀው አያውቁም። ዝንብ የሚከለክለው የወጥ ቤቱ የወንፊት በር ተዘግቶ የውስጠኛው ክፍት ነበር። ሊገፉት እጃቸውን ሲሰነዝሩ የክሬግን ድምፅ ሰሙ።

«አባትሽ ምድር ቤቱን ሱቅ አድርጎት እያለ…»

«ተው ብያለሁ።»

«ለልጅቷ ስል ነው እኮ።»

«አባዬ የሚሰጠው ሳሙናውን አይደለም፣ ደረሰኙን ነው» አለች ሮክሳን። ድምፅዋ አልጨመረም፤ ድንች እየላጠች ይመስል ነበር። «ሳሙናው ያልቃል፣ ደረሰኙ አያልቅም። ስንት ጊዜ እንደዚያ ታጥቤ ልኑር? ከፈለግህ ሂድና አንተ ለምነው።»

«እሺ በቃ። ዛሬ እናቴ ፊት ብቻ…»

«እናትህ ፊት ሥራ አለህ። አልረሳሁም።»

አቶ ኖርበርት ካርቶኑን እንዳቀፉ ቆሙ። ጠርሙሶቹ እርስ በርሳቸው ሲንቃጨሉ ሰምተው በአገጫቸው ያዟቸው። ከዚያ እንደ ሌባ በጫማቸው ጫፍ ወደ መኪናቸው ተመለሱ፤ በሩን ከፍተው በኃይል ዘጉት፣ ጉሮሯቸውን እንደ ደብር አለቃ ጠረጉ፣ እንደ አዲስ መጡ። ሮክሳን በሩ ላይ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። ካርቶኑን አየች። «ምንም አታምጣ አላልኩህም?» አለች። አፋቸው እንደ ልማዱ ተከፈተ፤ ስንት የገዛሁት ይመስልሻል የሚለው ቃል እስከ ጥርሳቸው ደርሶ ነበር። ዘጉት። «ሰናፍጭ ነው» አሉ ብቻ። ሮክሳን የቀረውን ትጠብቅ ነበርና፣ ሳይመጣ ሲቀር ግራ ገብቷት ካርቶኑን ተቀበለች።

የክሬግ እናት ወይዘሮ ግሌንዳ በሰዓታቸው ደረሱ። ሽቱ የሚቀድማቸው ሴት ናቸው። ይዘውት የመጡት ኬክ ሁለት ሰው ይሸከመው የሚባል ዓይነት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሳይቀመጥ፣ «ስልሳ ዶላር! ዘራፊዎች ናቸው እኮ!» አሉ። ሁሉም አደነቀ። ሮክሳን «ምን አስቸገረዎት» አለች፤ ክሬግ ሳማቸው፤ ኬልሲ ጣቷን ክሬሙ ውስጥ ነከረች። አቶ ኖርበርት የሁሉንም ፊት አንድ በአንድ አዩ። ዋጋው ተነግሮ ማንም አልቀላም፣ ማንም አልጠቆረም። ለካ ዋጋ መናገር ነውር አይደለም፤ ነውሩ ማነሱ ነው። ይህን ለማወቅ ሰው እስከዚህ ዕድሜ መጠበቁ ራሱ ውድ ነበር።

የድንች ሰላጣው ጨው አነሰው ተባለና፣ ሮክሳን እጇ ቅባት ስለነበር፣ ክሬግም ከሆት ዶጉ መጥበሻ መራቅ ስላልቻለ፣ አቶ ኖርበርት ላምጣ ብለው ገቡ። ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፤ የመስኮቱ መጋረጃ ዶሪን የሰፋችው ነው። ማቀዝቀዣው ላይ የኬልሲ የሂሳብ የቤት ሥራ ተለጥፏል። እሳቸው እንዳስተማሯት ሰባቶቹን ሁሉ መቀነት አስታጥቃቸዋለች፤ መምህሯ በቀይ ቢከብቡባትም አልተወችም። አቶ ኖርበርት ፈገግ አሉ። ፈገግ እንዳሉ የግድግዳውን ካቢኔ ከፈቱ።

ውስጡ እንደ ምድር ቤታቸው አልሞላም። ግማሹ ባዶ ነበር። በቀረው ግማሽ ላይ ግን የኦቾሎኒ ቅቤ፣ የወይን ማርማላታ፣ የሾርባ ቆርቆሮ ተደርድሯል፤ አዲሱ ከኋላ፣ የቆየው ከፊት። ክዳኖቹ ተፍቀዋል። ሰው ተቀምጦ፣ ጉልበት ሰጥቶ፣ ቀለሙ እስኪለቅ የፈገፈጋቸው ናቸው። ቆርቆሮውም ተቧጭሯል። አንዱን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበሉት። ወሩ ጠፍቷል፤ የአሥራ ሰባቱ አንድ ቁጥርም ጠፍቷል፤ የሰባቷ መቀነት ግን እምቢ ብላ ቀርታለች። ሌላውን አነሱ፤ እዚያም አለች። እነዚህን ለሮክሳን አልሰጧትም። እነዚህን በየቅዳሜው ለቤተ ክርስቲያኑ ጓዳ ነው የሰጧቸው። በማጠቢያው ጠርዝ ላይ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ተቀምጧል፤ ጫፉ በጥቁር ቀለም ጨቅይቷል።

ይህን ነገር ለማወቅ ማንም ሊነግራቸው አላስፈለገም። ልጃቸው ለቸገረው ስጠው ያለቻቸው እውነቷን ኖሯል። እሳቸው ወስደው ከጓዳው አስቀምጠውታል፤ እሷ ጓዳው በሚያድልበት ረቡዕ ማታ ወረፋ ቆማ ከማታውቃት ሴት እጅ ተቀብላዋለች፤ ቤቷ አምጥታ የአባቷን የእጅ ጽሑፍ ከላዩ ላይ ፍቃ፣ ለልጇ ዳቦ ቀብታዋለች። የምትሸሸው ምግቡን አልነበረም። አቶ ኖርበርት በሕይወታቸው ብዙ ነገር በነጻ አግኝተዋል፤ እንዲህ ያለ ውርደት ግን ያለ ኩፖን ሲያገኙ የመጀመሪያቸው ነበር። መጀመሪያ የመጣባቸው ንዴት ነው። ይህን ክዳን ይዞ ወደ ጓሮ መውጣት፣ ከስልሳ ዶላሩ ኬክ አጠገብ ማስቀመጥ፣ ስንት የገዛሁት ይመስልሻል ማለት። ነገሩ ሁሉ በአንዲት ቃል የሚያልቅ ነበር። ቃሏን ቢናገሯት ግን ሮክሳን ከእንግዲህ ወረፋው ላይ አትቆምም፤ ልጃቸውን ያውቋታል፣ የእሳቸው ልጅ ናት። ካቢኔው ደግሞ ግማሹ ባዶ ነው።

የወንፊት በሩ ሲጢጥ ብሎ ተከፈተና ሮክሳን ገባች። ካቢኔው ክፍት፣ የኦቾሎኒ ቅቤው ጠርሙስ በአባቷ እጅ። ከውጭ የወይዘሮ ግሌንዳ ሳቅ ይሰማል። ሮክሳን አልተነቃነቀችም፤ ልጅ እያለች መስታወት የሰበረች ቀን እንዲህ ነበር የምትቆመው።

«የትኛው ነው ጨው?» አሉ አቶ ኖርበርት። «መነጽሬን መኪና ውስጥ ረስቼው ምኑም አይታየኝም።»

ሮክሳን የሸሚዛቸውን ኪስ አየች። መነጽሩ እዚያ ነበር፤ አንድ እግሩ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ። እሳቸውም ወደምታይበት አዩ፤ አይተውም እጃቸውን ወደ ኪሳቸው አልሰደዱም። ሮክሳን ቀረብ ብላ ጠርሙሱን ከእጃቸው ወሰደች፣ ወደ ቦታው መለሰች፣ ከላይ ጨውን አወረደችና መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ጣቷ መዳፋቸውን አልነካም። «ይኸው» አለች።

በምሳው ላይ ሰናፍጩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ወይዘሮ ግሌንዳ ልጃቸውን በፋብሪካው አሁንም ትርፍ ሰዓት ያሠሩት እንደሆነ ጠየቁት። ክሬግ አፉ ውስጥ ያለውን ዳቦ ከሚገባው በላይ አኘከ። ፋታ የለም አለ። መኪናውስ ሲሉት፣ መለዋወጫ ጠፍቶ ነው አለ። ሴትየዋ ግን የዋዛ አልነበሩም፤ ከሰፈራቸው ሰው ተቀነሰ ሲባል ሰምተዋል፤ አንተ ጋስ ምን ይላሉ ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ አቶ ኖርበርት በመሃል ገቡ። የድሮ ባልደረቦቻቸውን አግኝተው እንደነበር፣ ሥራው ከአቅም በላይ እንደሆነ፣ እንዲያውም ጡረተኛ ቢመለስ የሚል ወሬ እንዳለ አወሩ። አንዱም እውነት አልነበረበትም። ወይዘሮ ግሌንዳ አመኗቸው፤ ስለ ዋጋ እንጂ ስለ ሌላ ሲያወሩ ሰምተዋቸው አያውቁም፣ ስለ ዋጋም ቢሆን ዋሽተው አያውቁም። ክሬግ ቀና ብሎ አማቱን ተመለከታቸው። አቶ ኖርበርት ምስጋና የጠበቁ እንደሆነ ምስጋና አልነበረም። ገበያ ውስጥ የዳቦ ኩፖን የተቀበለው ሰው ያያቸው ዓይነት አስተያየት ነበር፤ ከዚያም የባሰ፣ ምክንያቱም ያኛው ሰው ወደ ቤቱ ሄዷል፣ ይሄኛው ነገም አማቻቸው ነው። ያለ ደረሰኝ መስጠትም ደረሰኝ አለው ለካ።

ወይዘሮ ግሌንዳ የሰናፍጩን ጠርሙስ አንስተው፣ «በሉ እስቲ የኩፖን ንጉሥ!» አሉ። «ዛሬ ምነው ዝም አሉ? ይቺ ሰናፍጭስ ስንት ሆነች?»

ሮክሳን ሰሃኗን ማየት ጀመረች። ኬልሲ መልሱ በጣም ዝቅ እንደሚል ስለምታውቅ ከወዲሁ አፏን በእጇ ሸፈነች።

«አላስታውስም» አሉ አቶ ኖርበርት።

«አያቴ ያስታውሳል!» አለች ኬልሲ። «ሁሌ ያስታውሳል። እየዋሸ ነው።»

«አርጅተዋል በይው» አሉ ወይዘሮ ግሌንዳ፤ ሳቁም። ክሬግም አብሯቸው ለመሳቅ ሞከረ። አቶ ኖርበርት ሆት ዶጋቸውን በሉ። ሰናፍጩ ጥሩ ነበር።

ሲወጡ ሮክሳን እስከ መኪናቸው ሸኘቻቸው። አባትና ልጅ መንገድ ዳር ቆመው የጎረቤቱን ሣር አጫጅ ማሽን አዳመጡ። ሰማዩ ይዘንብ ይሆናል አለች። ሊዘንብ ይችላል አሉ። ጉልበትህ እንዴት ነው አለች። ደህና ነው አሉ። ከዚያ ያልተከፈቱትን ሰናፍጮች በካርቶኑ እንዳሉ በመስኮቱ አስገብታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችላቸው።

«ይሄ ተርፏል። ለቤተ ክርስቲያን ስጠው» አለች።

«እሺ።»

ለመሄድ ዞር አለችና ቆመች። ፊቷን ወደ ሣር አጫጁ አድርጋ፣ «ኮርንፍሌክስም ካለህ ለእነሱ ብትሰጥ ጥሩ ነው» አለች። «ልጆች ያሏቸው ሰዎች ይመጣሉ ይባላል።»

«እሰጣለሁ» አሉ አቶ ኖርበርት። ሞተሩን ያስነሱት እሷ ከገባች በኋላ ነው።

ቤታቸው እንደደረሱ ኮታቸውን ሳያወልቁ ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ። አምፖሉን አበሩት። ጦሩ እንደተሰለፈ ነው፤ ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት። ዶሪን በሕይወት ሳለች አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ «ኖርበርት፣ ይሄን ሁሉ የምትጽፈው ዕቃው እንዳያልፍ ነው ወይስ አንተ እንዳታልፍ?» ብላቸው ነበር። ያኔ ቀልድ መስሏቸው ስቀዋል። አሁን ከፋሻውና ከሳል ሽሮፑ መደርደሪያ የአልኮል ጠርሙስ አወረዱ፤ እሱም ላይ ቀኑ ተጽፎበታል። አሮጌ ካኔቴራ ቀደዱ፣ አጭር ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና፣ ለጓዳው የለዩትን የኦቾሎኒ ቅቤ አንድ በአንድ ከጉልበታቸው ላይ እያስቀመጡ ክዳኑን ያብሱ ጀመር። በአልኮል ቀላል ነው። አንድ ሁለት ጊዜ ማሸት ይበቃል። ሮክሳን ይህን አታውቅም ነበር፤ በሽቦ ነበር የምትፍቀው፤ ጥፍሯን ሳይቀር አድምታ ሊሆን ይችላል። ቢነግሯት ይቀልላት ነበር። መንገር ግን አይቻልም፤ ይህም ከምድር ቤቱ ወጥቶ ሊሰጥ የማይችል አንድ ዕቃ ሆኖ ቀረ።

ካርቶን ግን አልኮል አይበግረውም። የኮርንፍሌክሱ ላይ ያለው ቁጥር ሲያሹት ተዝረከረከ እንጂ አልጠፋም። ቢልጡት ካርቶኑ ተቀደደ። በመጨረሻ ያንኑ ማርከር አንስተው፣ ቁጥሮቹን ሙልጭ አድርገው በጥቁር አለበሷቸው፤ በየሳጥኑ አናት ላይ አንድ ትንሽ ጥቁር አራት ማዕዘን ቀረ፤ ለቀስተኛ ክንድ ላይ የሚታሰረውን ጨርቅ ይመስል ነበር። ሥራው ሲያልቅ እጃቸው ሸተተ፣ ጣታቸው ጠቆረ። ሰልፉ መሃል የተገኘውን ክፍተት ለመሙላት ከኋላ ያሉትን ወደ ፊት ሳቡ፤ ከዚያ ዛሬ የገዟቸውን ሰናፍጮች ሊያሰልፉ ማርከሩን ከፈቱ፣ ሳይጽፉ መልሰው ከደኑት።

የቤተ ክርስቲያኑ ጓዳ ከአዳራሹ ሥር ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ዕቃ ይቀበላል፣ ረቡዕ ማታ በሌሎች ሴቶች እጅ ያድላል። ተቀባይዋ ወይዘሮ ኢርማ ናቸው፤ ከአቶ ኖርበርት ጋር አንድ ሰፈር ያደጉ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ምላሳቸው ያልደከመ ባልቴት። ዕቃውን ሲያወርዱ ኢርማ አንዱን የኦቾሎኒ ቅቤ አነሱ፣ ክዳኑን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ ከዚያ ወደ ዓይናቸው።

«ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸታል» አሉ። «ቀኑን ማን አጠፋው?»

«እኔ።»

«ምን ሆነህ? እኔ እኮ ያንተን ቁጥር ነው የምተማመነው። እታች የታተመውን ጉንዳን ካልሆነ ማን ያነበዋል?»

«አጉሊ መነጽር አመጣልሻለሁ።»

«በኩፖን?» አሉ ኢርማ፤ እንዲስቁላቸው ጠበቁ። አቶ ኖርበርት አልሳቁም። የኮርንፍሌክሱን ሳጥኖች ከካርቶኑ እያወጡ፣ ሁልጊዜ ከሚያስቀምጡበት ከላይኛው መደርደሪያ ሳይሆን ከበሩ አጠገብ፣ ሰው ገባ ከማለቱ እጁ ከሚደርስበት ላይ ደረደሯቸው። ኢርማ የጥቁሩን አራት ማዕዘን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይሄስ?»

አቶ ኖርበርት የመጨረሻውን ሳጥን አስተካክለው አቆሙት። ኢርማ ትንሽ አዘኑላቸው። ሽማግሌው አንድ ነገር ደርሶበታል ብለው ጠረጠሩ፤ እንዲህ ሲሆን የሚያድነውን መድኃኒት ደግሞ ያውቁታል። በየቅዳሜው ከሥራው በኋላ ያችን የዋጋ ጥያቄ ሳይጠብቁ ራሳቸው ይጠይቁላቸው ነበር፤ የድካማቸው ደመወዝ እሷ ነበረች፤ ለመክፈልም ምንም አታስወጣም። አንድ ጠርሙስ ሰናፍጭ ከካርቶኑ አንስተው በብርሃኑ ላይ አገላበጡ።

«በል ይሄ ይቅር። ሰናፍጩን ስንት ገዛኸው?»

አቶ ኖርበርት ባዶ ካርቶኖቹን አንዱን በአንዱ ውስጥ ይከቱ ነበር።

«ኖርበርት፣ አንተን እኮ ነው። ያን ሁሉ ዓመት በጠየቅሁህ ቁጥር በደስታ ስትነግረኝ ኖረህ፣ ዛሬ ምን ዘጋህ?»

«አልነግርሽም» አሉ አቶ ኖርበርት።